እጅ ለእጅ የተያያዙት ልጆች

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ቀልድ ይወዳል፤ ቀልዱ ግን ሁልጊዜ ቦታውን አያውቅም። ያን ቀን ደንበኛው የሆነች አንዲት ልብስ ሰፊ ፍላሿን ስትሰጠው፣ ሥዕሎቹን ከፍቶ እያየ ሳቅ አለ።

"እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ያንቺ ልጅ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚማረው? መጀመሪያ መደመርና መቀነስ ነበር ያተምሽው። ከዚያ ነጠብጣብ ማገናኘት መጣ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ትልቅ ኳስ፣ እሱም ከለር ለመቀባት ብቻ።"

ፈገግ ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም። አምስት ወር ሙሉ ልጅ ያላት ሲመስለው ዝም ብላዋለች። ማስረዳቱ ራሱ ደክሟት ነበር። ዛሬ ግን ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

"ልጅ የለኝም። ለእናቴ ነው።"

ሰውዬው ክው አለ። ወፍራም ወረቀት መርጦ አተመላትና በሁለት እጁ አቀበላት።

እናትየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለች። የሚቀባውን፣ የሚቆጠረውን፣ ተቆርጦ የሚለጠፈውን ሁሉ በእጇ ሥላ ያዘጋጀችው እሷው ነበረች። መቀስ ከሽርጧ ኪስ ስለማይጠፋ ልጆቹ "እትዬ መቀስ" ይሏታል፤ አድገው ያገቡትም እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኟት እንደዚያው ነበር የሚጠሯት። ከሦስት ዓመት በፊት መርሳት ጀመረች። በመጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳኖረች፣ ቀጥሎ የሰፈሯን መንገድ፣ ቀጥሎ የልጆቿን ስም ረሳች። ሐኪሙ ጭንቅላቷን የሚያሠራ ነገር ስጧት ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ ከቁም ሣጥኑ አሮጌዎቹን ሥዕሎች አወጣች፤ ዋናዎቹ እንዳይበላሹ በስልኳ እያነሳች ፍላሽ ላይ ጭና ማሳተም ያዘች። ታላቅ ወንድሟ ራስሽን አታድክሚ ይላታል። መምከር አይሰለቸውም፤ የሚሰለቸው መምጣት ነው።

ያላሳተመችው አንድ ሥዕል ብቻ ቀርቶ ነበር። ረጅሙ ወረቀት ሦስት ጊዜ እየተገላበጠ ይታጠፍና፣ ላዩ ላይ የተሣለችው አንዲት ልጅ ዙሪያዋን ትቆረጣለች። ሲዘረጋ አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ። ጣጣው ያለው ማጠፊያው ላይ ነው፤ እጃቸው ጋ መቀሱ ካለፈ ይለያያሉ። እናቷ በየዓመቱ "እጃቸው ጋ አይቆረጥም!" እያለች ስትጮህ የክፍሉ ልጅ ሁሉ አብሯት ይጮህ ነበር። እሷ ራሷ ዓይኗን ጨፍና ትቆርጠው ነበር። ልብስ ሰፊዋ የፈራችው ይህንኑ ነው፤ ይሄ ካቃታት ሌላ የሚሞከር ነገር አይኖርም። ባለፈው ሳምንት ግን ኳሱ ሳይነካ ውሎ አደረና፣ ምርጫ አጥታ ዛሬ ይህንኑ አሳተመች።

ቤት ስትገባ እናቷ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ጠበቀቻት፤ መጠበቅ ከተባለ። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን፣ ኮላውንና ጫፉ ዱልዱም የሆነውን መቀስ ፊቷ አኖረችላት። አሮጊቷ ወረቀቱን ትንሽ ዳሰሰችው። ከዚያ ማንም ሳይነግራት አጠፈችው፣ ማጠፊያውን በጥፍሯ አስተኛችው፣ ገለበጠችው፣ ደግማ አጠፈችው። መቀሱ የተሣለችውን ልጅ ጭንቅላት ዞረ፣ በትከሻዋ ወረደ፣ ቀሚሷን ሳይዛነፍ ከበበ። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ጋ ደውላ ና እይ ልትለው አማራት።

መቀሱ እጇ ጋ ደረሰ፤ ሳይቆም አለፈ።

አራቱ ልጆች ጠረጴዛው ላይ ለየብቻ ተበተኑ። እናቷ መቀሱን አስቀምጣ አየቻቸው፣ ከዚያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ድምጿ ዓመታት ያልተሰማው የክፍል ድምጿ ነበር፤ ለስላሳ፣ ትዕግሥት የሞላው።

"እጃቸው ጋ ቆረጥሽው እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ አንቺ ነሽ እንጂ እማዬ ማለት ትችል ነበር። አምስት ዓመቷ ላይ በእናቷ ክፍል ስትማር "እማዬ" ማለት ክልክል ነበር፤ ሌሎቹ እንዳይከፋቸው እሷም እንደነሱ "እትዬ" ትላለች፤ የመውጫው ደወል ሲደወል ብቻ ሮጣ ጉያዋ ትገባና እማዬ ትላታለች። ቀኑን ሙሉ ያንን ደወል ነበር የምትጠብቀው።

"አዎ፣ እትዬ። እኔ ነኝ" አለች።

"ምንም አይደል። ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ይቆርጠዋል።" አሮጊቷ ኮላውን ወደሷ አስጠጋችና የሁለቱን ልጆች እጅ ጫፍ ለጫፍ ገጠመች። "ነይ፣ ይሄን ያዢልኝ። አታልቅሺ። እናትሽ ስትመጣ ታሳያታለሽ።"

ልብስ ሰፊዋ የወረቀቷን ልጅ እጅ በጣቷ ተጭና ያዘችላት። እንባዋ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ፊቷን ወደ ጎን አዞረች።

"እትዬ፣ መቼ ነው የሚደወለው?"

"ገና ነው" አለቻት እናቷ፤ ኮላው እስኪይዝ እጇን በልጇ እጅ ላይ ጫን አድርጋ።