ምክትሉ የሌሉበት ገጽ

ያን ጠዋት ባለቤቴ እንደወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ፤ ተላጨ፤ ሸሚዙን ተኮስኩለት፤ ሻዩን ቆሞ ጠጣ። ወንድሜ አብረው ሊሄዱ መጣ። ሁለቱም የመንግሥት ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ፦ ባለቤቴ ገጽ አዘጋጅ፣ ወንድሜ የማሽን ክፍል ኃላፊ።

በዚያ ዓመት ሦስት ባለሥልጣናት ታስረዋል። አንዱ በታሰረ ቁጥር ታትሞ ያለቀው ጋዜጣ ይቃጠላል፤ ባለቤቴም የሰውየውን ምስል ከመሪው ጎን አውጥቶ ገጹን እንደ አዲስ ይሠራል። አንድን ሥራ ሁለቴ መሥራት አይወድም። ስለዚህ የመጪውን ጉባኤ ገጽ ቀድሞ በሁለት ዓይነት አዘጋጀው፤ አንዱ ምክትል መሪው ያሉበት፣ ሌላው የሌሉበት። ይህን ሻዩን እየጠጣ ነገረን።

ወንድሜ ደነገጠ። «ጋሼ፣ እንደሚወርዱ በምን አወቅክ?»

«ምኑን አውቃለሁ? ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ዝናብ ጠሪ ነው እንዴ?»

«ዘንድሮ የሚጠየቀው ጃንጥላ የያዘው ነው። ቅደደው!»

«እሺ፣ እንደገባሁ እቀደዋለሁ። እህትህን አታስፈራራብኝ።»

እየተቀላለዱ ወጡ። ከምሳ በፊት ወንድሜ ብቻውን ተመለሰ።

«ወሰዱት። እንደገባ አለቃው ጠራው። ሲመለስ የደህንነት ሰዎች መሳቢያውን ከፍተው ጠበቁት። ከዚያ ሁሉ ወረቀት መጀመሪያ ያነሱት ያን ገጽ ነው።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

ትክ ብሎ አየኝ። «አንቺስ፣ እኛ ከወጣን በኋላ ለማን አወራሽ?»



ዘጠኝ ቀን እስር ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ አንድ መርማሪ አስገባኝ።

«ምክትሉ እንደሚወርዱ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ» አለ። «ባልሽ ሦስተኛ የሆነው እንዴት ነው?»

«ገምቶ ነው።»

«እንዲህ ያለ ነገር አይገመትም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ገጽ አዘጋጅ ከገመተ ምክትሉም ይገምታሉ፤ ይሸሻሉ፣ ወይም ቀድመው መሪውን ያወርዳሉ። ፈሪ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የጠላውን ብቻ አያስርም፤ ሐሳቡን ያነበበበትንም ያስራል።

በማግስቱ ምክትሉ ታሰሩ። ጋዜጣው ያለ ምንም መዘግየት ወጣ። የታተመው ባለቤቴ ያዘጋጀው፣ ምክትሉ የሌሉበት ገጽ ነበር፤ ያተመው ወንድሜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ደጄን አልረገጠም፤ እኔም አልጠራሁትም። ከሁለት ወር በኋላ ባለቤቴ በሕመም መሞቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። አስከሬን አልሰጡኝም። መቃብር የለውም።