ዝምድና ያለው እጁን ያውጣ

1.

«ቁጭ በይ።»

ኬብሮን ቁጭ አለች።

«ተነሽ።»

ተነሳች።

«እስቲ አሁን ደግሞ እንደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ።»

ተዘርፍጣ ተቀመጠች። ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ።

2.

ቆይ፣ ከመሀል ጀመርኩባችሁ። አላስቻለኝም እኮ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ለትምህርት ቤቶች ዴስክ ሊገዛ ጨረታ አወጣ። ሦስት አናጢዎች አንድ አንድ ናሙና አስገቡ። ስም የለም። ኮሚቴው የማን እንደሆነ ሳያውቅ ነጥብ እንዲሰጥ፣ ዴስኮቹ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚል ወረቀት ብቻ ተለጠፈ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ «የሚቀመጥበት ተማሪ፣ የምንፈርደው እኛ?» ብለው አቅራቢያ ካለው ትምህርት ቤት ተማሪ አስጠሩ። ዳይሬክተሩ ረጅሟን ላከ።

ኬብሮንን። ደስታዋን ብታዩ! የሒሳብ ፈተና አመለጠች።

3.

ሲጀመር ወይዘሮ አስካለ ጠይቀው ነበር።

«ከተጫራቾች ጋር ዝምድና፣ ጋብቻ ወይ ጠብ ያለው እጁን ያውጣ።»

ጋብቻ? በአሥራ ስድስት ዓመቷ? ኬብሮን ሳቋን ዋጠች። እጇን አላወጣችም።

(እቺን ያዙልኝ።)

4.

የኬብሮን ፍርድ፦

ሀ — ያምራል፣ ግን ይወዛወዛል። ጎንሽ ያለችው ስትስቅ ያንቺ ጽሑፍ ይጨፍራል።

ለ — ጉልበት ይቀጠቅጣል። አጭር ሰው ነው የሠራው፣ እምላለሁ።

ሐ —

5.

ሐ።

ጉልበቷ ሰተት ብሎ ገባ። እንደ ልማዷ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደች።

ሻካራ ጠርዝ የለውም! ማንም በማያየው ቦታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ታሽቶ እንደ ሳሙና ሆኗል።

ሰባተኛ ክፍል እያለች ቀሚሷን የዴስክ ጠርዝ ቀዶባት፣ ሹራብ ወገቧ ላይ አስራ እያለቀሰች ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ አባቷ ታፈረ ጠረጴዛ ሲሠራ ከሥሩ ሳያለሰልስ አይለቅም። እሱን የሚያደርግ ሌላ አናጢ እሷ አታውቅም።

ውይ።

አባቢ።

6.

አባቷ መጫረቱን እንዴት አላወቀችም? ባለፈው ጨረታ ሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎት ተሸነፈ። ስለዚህ ዘንድሮ ለሚስቱም ትንፍሽ አላለ። ግን ሥራ ካልተገኘ ወርክሾፑን ዘግቶ ሰው ጋ ሊቀጠር መሆኑን እራት ላይ ነግሯቸዋል። ያን ቀን ማንም ወጥ አልጨመረም።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ሐ ከአሥር ስንት?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

አሥር ነዋ! ያለ ዝምድናም አሥር ነው! ዝም ብትል ማን ያውቃል?

ኬብሮን ተነሳች። ሀ ላይ ቁጭ አለች። ለ ላይ ቁጭ አለች። እንደገና ሐ ላይ፣ እንደገና ሀ ላይ። ኮሚቴው ዞረበት።

ከዚያ እጇን አወጣች።

«ሽንት ቤት ነው?»

«አይ... ቅድም የጠየቃችሁት። ዝምድና አለኝ።»

«ከየትኛው ጋር?»

«እሱን ከነገርኳችሁማ እናንተም አወቃችሁ! ዝም ብላችሁ አስወጡኝ።»

ነጥቧ ሁሉ ተሰረዘ።

7.

ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር።

አባት፦ አንቺ! ትምህርት የለም?

ልጅ፦ አንተስ? ሥራ የለም?

አባት፦ መታወቂያ ላሳድስ መጥቼ ነው።

ልጅ፦ ትምህርት ቢሮ?

አባት፦ እዚህም ያድሳሉ ሲሉ ሰምቼ...

ልጅ፦ አባቢ፣ ከሥሩ ነካሁት። እና ወጣሁ። አሥር ልልህ ነበር። ይቅርታ።

አባት፦ ጉልበትሽ ገባ?

ልጅ፦ ሰተት ብሎ።

አባት፦ በይ ጠጋ በይ፣ አብረን እንጠብቅ።

8.

ውስጥ ሌላ ፈራጅ ጠፋ። እኔ ደግሞ እናንተን አሰብኩ! ኑ፣ ግቡ። ቁጭ በሉ። እንደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ። አሁን እጃችሁን ከሥር —

ቆይ።

ቆይ ቆይ።

አወቃችኋ! እኔው ራሴ ነግሬያችሁ! ውጡ በሉ፣ እናንተም ውጡ። አግዳሚው ላይ ቦታ አይጠፋም።

9.

(ይህን የሚሞላው ከ1 እስከ 8 ያላነበበ ሰው ብቻ ነው።)

ሐ፦ ________ ከአሥር