የአንደኛ ክፍል እማማ

ልጅቷ አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምራዋለች። ሰንፋ አይደለም፤ ሦስቱንም ጊዜ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች። መምህርቷ ስትታመም ሕፃናቱን ፊደል የምታስቆጥረው እሷ ናት። በየዓመቱ መጨረሻ ካርዷ ላይ «አልፋለች» ተብሎ ይጻፋል፤ በየዓመቱ መጀመሪያ እዚያው ትመለሳለች። ምክንያቱ አንድ ነው፤ በስደተኞች መጠለያው ትምህርት ቤት ዊልቸር የሚያስገባ መወጣጫ ያለው አንደኛ ክፍል ብቻ ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ጎርፍ እንዳይገባባቸው ከፍ ተደርገው ስለተሠሩ የሚገባባቸው በድንጋይ ደረጃ ነው።

ነገሩ ተረት ይመስላል። ተረት ቢሆን ደግ ነበር፤ ተረት ውስጥ ቢያንስ ጅቡ ጅብ መሆኑን ያውቃል።

አባቷ በደጉ ጊዜ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። አሁን አውቶቡሱም የለ፣ መንገዱም የለ፤ መጠለያው ግን ዛሬም «ረዳቱ» እያለ ይጠራዋል። ውሃ ወረፋ ላይ ሰው ሲጋፋ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለሁሉም ቦታ አለ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሰዉም ይስቅና ይጠጋል። በዚህ ዓለም ከልቡ የሚያምነው አንድ ነገር ነው፦ ፌርማታ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ካለ ጥፋቱ የረዳቱ እንጂ የተሳፋሪው አይደለም።

ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ልጅቷ ዊልቸሯን ድንኳኑ በር ላይ አቁማ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ ነገ አልሄድም።»

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። እኩዮቼ አራተኛ ክፍል ናቸው። ታናሽ እህቴ እንኳ ትታኝ ሄደች። እኔ ግን ዴስኩ ሥር ጉልበቴ አይገባም፤ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ደግሞ ‹እማማ› ይሉኛል። አንዷ ጥርሷ ሲነቀል ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እማማ፣ የአንቺስ ስንት ቀረሽ?›»

ረዳቱ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር፤ የልጁን ፊት ሲያይ ዋጠው።

«ዘንድሮ አራተኛ ካልገባሁ ቤት እቀመጣለሁ። በቃኝ።»

ቤት መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ጎረቤታቸው አንድ ልጅ አለ፤ ተቀምጦ፣ ተቀምጦ፣ አሁን የሸራውን ጣሪያ ከማየት ሌላ ሥራ የለውም። ስሙን የሚጠራው እናቱ ብቻ ናት።

ረዳቱ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ። ዳይሬክተሩም እንደ እሱው ስደተኛ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከረባት አስሮ የሚቀመጥ፣ ለሰው ሁሉ ወንበር የሚስብ ትሑት ሰው። ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር።

«ግባ ወንድሜ። የልጅህ ቦታ ተዘጋጅቷል፤ ጥጓ ሳይቀር ተጠርጎላታል።»

«የት?»

«እንደተለመደው ነዋ፣ አንደኛ ክፍል።»

«በክረምቱ ራስዎ ፈትነዋት የለ እንዴ? አራተኛ ይገባታል ያሉትስ እርስዎ አይደሉም?»

«ይገባታል! ማን ካደ? ግን አራተኛ ክፍል ደረጃ አለው።»

«እኔ ተሸክሜ አስገባታለሁ። ጠዋት አስገብቼ ሲለቀቁ አወጣታለሁ።»

ዳይሬክተሩ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «አይፈቀድም። ተማሪን ተሸክሞ ማስገባት ክብሯን ይነካል ይላል መመሪያው።»

«ክብሯን?» ረዳቱ ከወንበሩ ተነሣ። «ጥርሳቸውን ከሚቀይሩ ሕፃናት ጋር ሦስት ዓመት ስታስቀምጧት ክብሯ የት ሄዶ ነበር? ሽርሽር?»

«ድምፅህን ቀነስ አድርገው እንጂ፣ ወንድሜ።»

«ድምፄ የተሠራው ከሞተር በላይ እንዲሰማ ነው። በሉ ሌላ መወጣጫ ሥሩላት!»

«ፕሮጀክቱ ተዘግቷል። ገንዘቡም የመጣው ለአንድ ክፍል ነበር።»

«እንግዲያው ክፍል አቀያይሩ። አራተኛዎቹ መወጣጫ ያለው ክፍል ይግቡ። ሕፃናቱ እንደሆኑ እግር አላቸው፣ ደረጃ ይውጡ።»

የሚያስገርመው፣ ዳይሬክተሩ ነገሩን ገና አሁን መስማቱ ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለአንድ ደቂቃ እንኳ በአእምሮው ሽው ብሎ አያውቅም። ከረባቱን አስተካከለ።

«እሱማ የአንደኛ ክፍል ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ተስሎበታል፤ ጎብኚዎች የሚመጡትም እሱን ለማየት ነው።»

እውነቱን ነው፣ ተስሎበታል። «አካቶ ትምህርት ለሁሉም» ከሚለው ጽሑፍ ሥር በዊልቸር የተቀመጠ ልጅ እየሳቀ እጁን ያወዛውዛል። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ልጅቷ ከሥዕሉ ሥር ፎቶ ትነሣለች። ሥዕሉ የተሳለው ለልጅቷ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ልጅቷ ለሥዕሉ ሆነች። ይህን ያደረጉት አገር አልባ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቁ፣ በየኬላው «አንተ እዚህ አትገባም» ሲባሉ የከረሙ ሰዎች ናቸው። የተገፋ ሰው መግፋትን እንዲህ በጨዋ ደንብ ከቻለ፣ ከገፉት ሰዎች በምን ተሻለ?

ረዳቱ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ለምኖ ይዟት መጣ። «እስከ በሩ ብቻ» አላት። ዊልቸሯን እየገፋ አንደኛ ክፍልን አልፎ አራተኛ ክፍል ደረጃ ሥር አቆማት። ተማሪዎቹ ገብተዋል። መምህሩ፣ ዕድሜውን በጠመኔ አቧራ ሲያስል የኖረ ሽማግሌ፣ ቀኑን ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነው። ልጅቷ ከታች አንገቷን ሰግጋ አየች። የሚታያት የሰሌዳው ጫፍ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ረዳቱ ደረጃውን በአንድ እርምጃ ዘሎ በሩን በመዳፉ ሁለቴ መታው፤ ልክ የአውቶቡስ በር እንደሚመታው።

«ወራጅ! ሁላችሁም ወራጅ! ይቺ መኪና ተበላሽታለች፤ ወደ ሌላ መኪና ትዛወራላችሁ! ዕቃ እንዳትረሱ፣ ዴስክም ዕቃ ነው!»

ልጆቹ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል በአንዴ ጮኸው ተነሡ። ዴስክ በአራት በአራት ተይዞ ደረጃውን ወረደ። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ደረጃው ሥር ያለችውን ልጅ አያት፤ ከዚያ ጃንጥላውን አነሣ።

«እኔም ልዛወር እንጂ» አለ እያሳለ። «ብቻዬን ምን እሠራለሁ?»

አንደኛ ክፍል በር ላይ ሕፃናቱ ነገሩ ሳይገባቸው በደስታ ወጡ። መምህርታቸው ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ መንገድ መራቻቸው። ትንንሾቹን ዴስኮች ትልልቆቹ ተሸከሙላቸው። ደረጃውን እየዘለሉ ወጡት፤ ሁለቱማ ደግመው ለመውጣት ተመልሰው ወረዱ። አንዷ ልጅ ስታልፍ ዊልቸሩን ያዝ አድርጋ «እማማ፣ አንቺ አትመጪም?» አለች።

«እኔ አልፌያለሁ» አለቻት።

በመወጣጫው ራሷ ጎማዋን እየገፋች ገባች። ረዳቱ ተከትሏት ገብቶ ዴስኳን ወደ ፊት ሊስብላት ሲታገል ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር ዘው አለ። ደብተሯን ከጭኗ አንሥታ ዴስኩ ላይ ዘረጋችው።

«በል ሂድ እንግዲህ፣ አባዬ» አለች በሹክሹክታ። «ወላጅ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም። አታሳፍረኝ።»

ረዳቱ ወጣ። መወጣጫው አናት ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ በሩን በጀርባው ዘግቶ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ከረባቱን በትከሻው ጥሎ እየሮጠ ደረሰ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? ማን ፈቀደ? ነገ እኮ ጎብኚ አለ! ሥዕሉ ሥር ማንን ላሳያቸው ነው?»

«ልጅቷን ያሳዩዋቸዋ። ስትማር።»

«አሁኑኑ ሁሉም ወደየቦታው ይመለስ! ጠጋ በል፣ ልግባ።»

ከውስጥ የመምህሩ ሳል ተሰማ፤ ከዚያም የጠመኔው ድምፅ። ረዳቱ ንቅንቅ አላለም። ክንዱን እንደ በር ከመቃን እስከ መቃን ዘረጋና፣ ለተከበረ ተሳፋሪ በሚያወጣው ድምፅ መለሰ።

«ሞልቷል፣ ጌታዬ። የሚቀጥለውን ይጠብቁ።»