ሙሽራዋና አዲሱ ቤት

ሀሴት እናቷን ፊልም ልታሳያት ሶፋው ላይ ስታስቀምጣት ነገሩ ጨዋታ መስሏት ነበር። ዩኒቨርሲቲ የያዘችው ኮርስ ስለ ድሮ የስዊድን ፊልሞች ነው። አስተማሪዋ ከአንድ ፊልም አንድ የህልም ትዕይንት ምረጡና የቤተሰቡን ጠብ በእሱ በኩል ፍቱ ብላ ፔፐር አዛለች። ሀሴት ደጋግማ ጀምራ ደጋግማ አጠፋችው። ኋላ ላይ፣ ህልም ፈቺ እቤቴ ተቀምጣ እኔን መጽሐፍ ላይ ምን አፈጠጠኝ አለችና እሑድ ከቀትር በኋላ ኮምፒውተሩን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው።

እናቷ ውባለም ሳምንቱን የምትውለው አሜሪካ፣ ግሮቭ ሲቲ ካለ መጋዘን ዕቃ ስታሽግ ነው። እሑድን የምትሰጠው ለቤተ ክርስቲያንና ለልብስ ማጠፍ ሲሆን፣ ያን ዕለትም የታጠበውን ልብስ በዘንቢል ይዛ ነበር የተቀመጠችው። የልጇ ትምህርት ገና አልተዋጠላትም። ፋርማሲ ስትማር የነበረች ልጅ ድንገት ፊልም ነው የማጠናው ስትላት፣ “ፊልም ለማየት ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባል? እኔ እዚሁ ሶፋ ላይ በነፃ አይ የለም እንዴ?” ብላ ወር ሙሉ አኩርፋታለች። አባትየው አቶ ነጋ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ጠቡን የሚሰማው በስልክ ነው፤ በስልክ ደግሞ ሁለቱንም ተራ በተራ “ልክ ነሽ” ይላል። እንዲህ ያለ አስታራቂ ባይኖርስ!

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ሐይቅ ዳር ባለ ቤት ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ከትልቋ ልጇ ጋር ትኖራለች። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፤ የሚሰማው የማንኪያው ድምፅ ብቻ ነው። ሀሴት ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ በአማርኛ ልትተረጉም ተዘጋጅታ ነበር፣ የሚተረጎም ግን ብዙም አልተገኘም።

“ምነው ዝም ዝም ተባባሉ?” አለች ውባለም ካልሲ ከካልሲ እያገናኘች።

“ተኮራርፈዋል።”

“በምን?”

“እሱን እኮ ነው የማይናገሩት፣ እማ። ፖይንቱ እሱ ነው። ሆዳቸው ውስጥ ነው ያለው።”

“እንግዲያ ተሰዳድበው አይገላገሉም! እኛ ቤት ቢሆን ይሄኔ ጎረቤት ገብቶ ነበር።”

ከዚያ ልጅቷ ተኛች፣ ህልሙም መጣ። ወጥ ቤቱ በውሃ ተሞልቶ ልጅቷ ባዶ እግሯን መሃሉ ቆማለች። ውባለም አንገቷን አስግጋ አየችና፣ “ጠርቷል አይደል ውሃው? ጥሩ ነው። ድፍርስ ቢሆን ነበር ክፉ” አለች። ትንሽ ቆይቶ በሌላ ህልም አንድ ጥቁር በሬ ልጅቷን በሐይቁ ዳር አባረራት። “ስለት አለባት። ተስላ ረስታለች።”

“እማ፣ ስዊድኖች እኮ ናቸው። ፕሮቴስታንት ናቸው። ምን ስለት ያውቃሉ?”

“እነሱ ባያውቁ በሬው ያውቃል። የተላከበትን ነው የሚያደርሰው።”

ሀሴት ሳቋ አመለጣት። አስተማሪዋ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያለች ፈጥና ጻፈችው። ስትስቅ ግን ቀኝ እጇ ሳታዘው ወደ ግራ ብብቷ ሥር ሄደ፤ ይህ አዲስ አመሏ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ሻወር ስትወስድ ግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነገር አግኝታለች። ክሊኒክ ሄዳ ጡቷን በራጅ ፎቶ አነሷት። ከዚያ ደውለው በመርፌ ናሙና መውሰድ አለብን፣ አፖይንትመንት ያዢ አሏት። እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ የእነሱ ቁጥር ሲመጣ አታነሳም። ለማንም አልተናገረችም።

ለምን እንደማትናገር ራሷንም ጠይቃ አታውቅም። ልጅ ሆና፣ ገና አዲስ አበባ እያሉ፣ ክፉ ህልም አይታ እያለቀሰች ስትነቃ እናቷ አፏን በመዳፏ ትይዝባት ነበር። “አትናገሪው! ህልም እንደ ፈቺው ነው። ዝም ካልሽው ይጠፋል፤ ህልም እልም በይና ፊትሽን ታጠቢ።” ሀሴት አሁን ትልቅ ሰው ነች፤ በዚህ ሁሉ አታምንም። እብጠቷን ግን ልክ እንደ ክፉ ህልም ነው የያዘችው፦ ካልተናገርኩት የለም ብላ። ደግሞም የእናቷ ታናሽ እህት የሞተችው በዚሁ ነው። በነጠላ ሸፍና ሸፍና፣ ሰው ያወቀው መዳን ካለፈ በኋላ ነበር። የእሷ ስም እዚህ ቤት በቀላሉ አይነሳም።

ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ሦስተኛው ህልም መጣ። ልጅቷ ነጭ የሙሽራ ልብስ ለብሳለች፤ ግን ብቻዋን ናት፣ ሚዜ የለም፣ ዘፈን የለም። ሜዳ መሃል አዲስ የተሠራ ትንሽ ቤት አለ፣ መስኮት የሌለው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ገባች። እናትየዋ ከኋላዋ ደርሳ በሩን ከውጭ ገፋ አድርጋ ዘጋችውና እዚያው ቆመች።

ሀሴት የእናቷን ፍቺ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ዞር ስትል ውባለም የአቶ ነጋን ሸሚዝ ደረቷ ላይ ጨምድዳ ይዛ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሷን፣ ሀሴትን፣ እያየች ነበር።

“አጥፊው” አለች።

“እማ? ምንድነው? ምን ማለት ነው?”

“አጥፊው አልኩሽ!”

አጠፋችው። ውባለም ልብሱን ሳታጥፍ እንደ ነበረ ዘንቢሉ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ውሃ ቢንጠባጠብ፣ ድመት ብታዛጋ ፍቺ የማታጣ ሴት ዝም ስትል ያስፈራል። ሀሴትም ፈራች። በህልም ሠርግ ጥሩ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። የቤቱን ግን አታውቅም። እንዳትተወው ደግሞ እናቷ እሷን ያየችበት አስተያየት ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

በማግስቱ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ከምትሠራበት የልብስ ሱቅ ስትደርስ የፀደይ ዕቃ ገብቶ ነበር። አለቃዋ የመስኮቱን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አልብሺ ብላ ያቀበለቻት ነጭ ረጅም ቀሚስ ነው። ሀሴት ቀሚሱን በአሻንጉሊቷ ራስ ላይ ስታጠልቅ ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች። ዚፑ ጀርባ ላይ አልዘጋ አለ። ፊት የሌላት ፕላስቲክ ናት፣ ምን ሆንኩ አለች በልቧ፤ ልቧ ግን አልሰማትም። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ክሊኒኩ ነው። እስኪያቆም ድረስ ቀሚሱን ይዛ ቆመች። ከዚያ ዕረፍቷን ወሰደችና መኪናዋ ውስጥ ገብታ ለእትዬ ሰርካዲስ ደወለች።

እትዬ ሰርካዲስ ከእናቷ ጋር አንድ መጋዘን የሚሠሩ፣ በአንድ መኪና የሚመላለሱ የቤት ዘመድ ናቸው። ያን ቀን ኦፍ ነበሩ። ህልም መፍታት ከእናቷም በላይ እሳቸው ይችሉበታል፤ ይብላኝ ለሰሚው እንጂ ያሰቡትን ከመናገር የሚከለክላቸው የለም።

“እትዬ ሰርካዲስ፣ አንድ ህልም ልጠይቅዎ ነበር።”

“ማነው ያየው?”

“ማንም። ፊልም ላይ ነው።”

“ፊልም ላይ ያለ ህልም ነው የምታስፈቺኝ? ወይ አሜሪካ!” ሳቁ። “በይ እስቲ ንገሪኝ።”

ሀሴት ነገረቻቸው። ነጩ ልብስ ላይ ስትደርስ የሴትዮዋ ሳቅ ቆመ። 

“እናትሽ ነገረችሽ እንዴ?” አሉ በመጨረሻ።

“ምኑን?”

“ተይው በቃ። ምንም።”

“እትዬ ሰርካዲስ፣ በእመቤቴ ማርያም!”

“ምነው በእሷ ባትለምኚኝ!” አሉና ተነፈሱ። “ጾሙ ሳይገባ ነው። ሥራ ስንሄድ መኪና ውስጥ ያየችውን ህልም ልትነግረኝ ጀመረች። ልጄን ነጭ አልብሰዋት፣ አዲስ ቤት ልትገባ ጎንበስ ስትል... አለችና አፏን ያዘች። እኔም አልጠየቅኳትም። አፌ አያርፍም፣ ታውቂኛለሽ።”

ሀሴት የመኪናዋ መስታወት በትንፋሿ ሲደበዝዝ አየች። “አዲስ ቤት ምንድነው?”

“እንጃ።”

“ያውቃሉ።”

“መቃብር ነው ይላሉ።” ወዲያው ጮኹ። “ወይኔ አፌ! ይላሉ ነው እንግዲህ! ደግሞ እኔ የፈታሁት የፊልሙን ነው፣ ያንቺን አይደለም፤ ሰማሽኝ? የዚያችን የፈረንጇን ነው!”

ሀሴት አመስግና ዘጋች። ምስጋናው ከየት እንደ መጣላት እንጃ። ጆሮዋ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፣ ቃሏም ተነግራለች። እናቷ ስንት ሳምንት ጥርሷን ነክሳ የያዘችውን እሷ በአንድ ስልክ አስፈታችው፤ ያውም በክፉ አስፈታችው። አላምንም ማለት እዚህ ላይ አለቀ። ወደ ሱቁ ሳትመለስ መኪናዋን ወደ ቤት አዞረች፤ ጭቃ የተቀላቀለው በረዶ ከፊት ካለው መኪና እየተረጨ መስታወቱን ሲሸፍንባት፣ መጥረጊያውን መክፈት እስክትረሳ ድረስ ፈርታ ነበር።

ኢስትሙር ያለው ቤታቸው ስትደርስ እናቷ ከሺፍት ገብታ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤ ቢጫ የሥራ ሰደርያዋን እንኳ አላወለቀችም። ሀሴት ኮቷን እንደ ለበሰች ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።  ስክሪን ላይ እናቷ የቀለደችበት ዝምታ አሁን እነሱ ቤት ተቀምጧል።

“እማ፣ የልጅቷን ህልም ልፍታው?”

“የየቷን ልጅ?”

“የትላንቷን። ለፔፐሬ ነው።”

“ሌላ ህልም አጥተሽ ነው? በሬውን አትጽፊም?” ውባለም ልትነሳ ጠረጴዛውን ተደገፈች።

“ተቀመጪ በናትሽ። በደግ ነው የምፈታው።”

ይህን ስትሰማ ውባለም ቆማ አየቻት፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።  ክፍል ውስጥ የተማረችው ሁሉ፣ ቤቱ የልብ ምሳሌ ነው፣ እናትየዋ የሕግ ምሳሌ ናት የሚለው ሁሉ፣ አሁን አንድም አልጠቀማት።

“ነጩ ልብስ የሙሽራ አይደለም” አለች። “ስስ ነው፣ ከኋላ የሚታሰር። ሆስፒታል የሚያለብሱት ነው። አዲሱ ቤትም ሆስፒታሉ ነው። መስኮት የሌለው... ውስጥ ፎቶ የሚያነሱበት ክፍል ስለሆነ ነው።” የኮቷን ቁልፍ እያሻሸች ቀጠለች። “እናትየዋ በሩን የዘጋችው ልትቀብራት አይደለም። አብራት እንድትገባ ስላልፈቀዱላት ነው። የትም አልሄደችም፤ እዚያው በሩ ላይ ናት። ልጅቷ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው እሷን ነው። ትወጣለች፣ እማ። ህልሙ ከዚያ በፊት ስላለቀ ነው እንጂ ትወጣለች።”

ውባለም የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ልጅቷ ሆስፒታል ምን ልታደርግ ገባች?” አለች።

“እብጠት አላት።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከጾሙ በፊት።”

“እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁሽ” አለች ውባለም። ፊቷ አመድ ሆነ። ቀጥሎ ግን ቁጣ መጣ፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። “እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽኝ?”

“አንቺም ዝም አልሽኝ!”

“እኔ የደበቅሁት ህልም ነው! ህልም ይደበቃል። በሽታ ይደበቃል እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይሄን እህቴን ስቀብር ተምሬዋለሁ፣ አንቺንም ቀብሬ ልድገመው ነው?” እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። “ሐኪም ያውቃል?”

“በመርፌ እንውሰድ ብለው ይደውላሉ። አላነሳም። ፈራሁ፣ እማ።”

ውባለም ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረች። ልጇ አጠገብ በርከክ አለችና እጇን ዘረጋች። “የቱ ጋ ነው?”

ሀሴት ኮቷን ከፈተች። የእናቷን እጅ ያዘች፤ ካርቶን ሲያነሳ የዋለ፣ ሻካራና ቀዝቃዛ እጅ ነው። ከሹራቧ ሥር አስገብታ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ውባለም ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቿ ቀስ ብለው ፈለጉ፣ አገኙት፣ ቆሙ። 

“እንዳፍሽ ያድርገው” አለች።

ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። “ሳይዘጉ ደውይላቸው።”

ሀሴት በአንድ እጇ ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ደወለች። ጠራ፣ ደግሞም ጠራ። ውባለም እጇን አላነሳችም።