ገና ያልተያዘችው ቢራቢሮ

የዓለም አቀፉ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ቋት ሰዎች የላኩትን ኢሜይል ስትከፍት ማርያማዊት መጀመሪያ ሳቀች። መዝግባ ከላከችላቸው ነፍሳት አንዷ ቢራቢሮ የተያዘችው በመጪው ዓመት ሰኔ ነው ይላል። ወይ ጉድ! ገና ያልተያዘች ቢራቢሮ! ሁለተኛውን አንቀጽ ስታነብ ግን ሳቋን ትታ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ መዝገቦች የብዙዎቹ ቀን አያስተማምንም፤ በሁለት ሳምንት ካልታረመ ስብስቡ እንዳለ ከቋቱ ይወጣል።

«አለቀልኝ» አለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ማርያማዊት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ረዳት ናት። በትርፍ ጊዜዋ የነፍሳት ድረ ገጽ ትሠራለች፤ ሰው «ሥራ ፈት» ቢላትም ግድ የላትም። ያ ቋት ለማንም ክፍት ስለሆነ የነፍሳቱን ስም፣ ፎቶና ካርታ ከዚያ በነፃ ትቀዳለች፤ ከዚያ በአማርኛ ታሰናዳዋለች። «ጢንዚዛ» የሚለውን የነካ ልጅ ከክፍለ መደቡ ወደ አስተኔው፣ ማለትም ወደ ቤተሰቡ፣ ከአስተኔው ወደ ወገኑ፣ ከወገኑ ወደ ዝርያው እየወረደ ይሄዳል። ካርታው ላይ አንኮበርን ሲነካ ግን ሦስት አራት ነጥብ ብቻ ነው የሚያገኘው። የአንኮበር ዝንብ ሁሉ አገር ጥሎ የጠፋ ይመስላል።

ይህ ያንገበግባት ነበር፤ ምክንያቱም ነፍሳቱ የት እንዳሉ በዓይኗ አይታለች። አንኮበር በተማረችበት ትምህርት ቤት ጓሮ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በስልሳ አራት የጫማ ካርቶን ተደርድረዋል። የባዮሎጂ መምህሯ ወልደተንሣኤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ይዘው፣ በመርፌ ወግተው፣ የተያዙበትን ቦታና ቀን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ያኖሯቸው ናቸው። መምህሩ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆናቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። አዲሱ ርእሰ መምህር ደግሞ ክፍሉን ለኮምፒውተር ፈለገው። «ዓለም ያወቀው ነገር ከሆነ አሳዩኝና ይቀመጥ» አለ። «ካልሆነ ግን በየካቲት መጨረሻ አስወጥቼ አቃጥለዋለሁ፤ የሞተ ትል የምጠብቅበት ክፍል የለኝም።»

ስለዚህ ማርያማዊት ለገና በዓል ሄዳ ወረቀቶቹን ሁሉ ፎቶ አነሳች፤ ተመልሳም ወደ ኮምፒውተር ገለበጠች። ስህተቷም እዚህ ላይ ነው። መምህሩ የቄስ ልጅ ናቸው፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ቀን የሚጠሩት በእኛው አቆጣጠር ነው። እሷም ቀኑ ሁሉ በእኛ የተጻፈ ነው ብላ፣ አንዱንም ሳትጠይቅ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ፈረንጅ አስለወጠችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ቀኑን የለወጠችላት ጓደኛዋ ራኒያ ናት፤ የአልዩ አምባ ልጅ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ። ኢሜይሉን አንብባ፣ «ወላሂ፣ እኔ ያልሽኝን ነው የሠራሁት» አለች። «ሰውዬውን ጠይቂያቸው እንጂ።»

ማርያማዊት ደወለችላቸው። መምህር ወልደተንሣኤ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አይ ልጄ» አሉ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ በእኛ ነበር የምጽፈው። ኋላ ስልጠና ሄድኩና፣ ሳይንስ የሚጻፈው በፈረንጅ ነው ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ በፈረንጅ እጽፋለሁ፤ ሲረሳኝ ደግሞ በእኛ። የትኛው በየትኛው እንደተጻፈ ዛሬ እኔም አላውቅ። ተይው፤ ይቃጠል። የሽማግሌ ጨዋታ ነበር።»

«ይቃጠል» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ማርያማዊት ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፤ ተናደደችም፤ የተናደደችው በራሷ ነው።

በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ አንኮበር ሄደች። መምህሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተክዘዋል። ባለቤታቸው እትዬ ወለተሐና ቆሎ አቀረቡና ወሬውን ሲሰሙ ቱግ አሉ።

«መቼ እንደያዛቸው እኔን ጠይቂኝ እንጂ! ሥራ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ማሳው ይሮጣል። እጁ የሚፈታው ማረስ የማይቻልበት በዓል ሲውል ነው። ያን ጊዜ መረቡን አንጠልጥሎ ገደል ለገደል! በሚካኤል እንግዳውን እኔ ላይ ጥሎ፣ በማርያም ማኅበርተኛውን እኔ ላይ ጥሎ፣ ትል ፍለጋ! ሰው ይታዘበኛል አይል፣ እግዜር ይታዘበኛል አይል!»

ቆሎው ማርያማዊት እጅ ላይ ቀረ። «መምህር፣ እውነት ነው? ሁልጊዜ በበዓል?»

«በሌላ ቀንማ መች ጊዜ አለኝ?» አሉ አፍረው። «ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለወልድ። ከእነዚህ ከአራቱ በቀር መረብ ይዤ ወጥቼ አላውቅም።»

ማርያማዊት ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ የወረቀቶቹን ፎቶ ከፈተች። የዚያች የጉደኛ ቢራቢሮ ወረቀት 1/10/2018 ይላል። በእኛ ከሆነ ሰኔ አንድ ነው፤ ከአራቱ በዓላት አንዱም አይደለም፣ ዓመቱም ገና አልደረሰም። በፈረንጅ ከሆነስ? በጣቷ ቆጠረች። መስከረም ሃያ አንድ፣ 2011 ዓ.ም.። ማርያም! ሌላ ወረቀት አየች፤ 12/3/2004። በፈረንጅ ከሆነ መጋቢት ሦስት ላይ ይወድቃል፤ በእኛ ግን ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው። ይህኛው በእኛ ተጽፏል ማለት ነው።

«እሰይ! እትዬ፣ አፍዎ ይባረክ!» ብላ ተነስታ ጉንጫቸውን ሳመች። እትዬ ወለተሐና በቁጣቸው መሐል ተስመው ግራ ገባቸው።

ማርያማዊት የበዓሉን ነገር ስትነግራት ራኒያ፣ «እኔ የእናንተን በዓል ከየት አውቄ? ቁጥሩን ስጪኝ» አለች። አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ያነባል፤ በዓል ላይ የወደቀው ትክክለኛው ነው። ሁለት ሺህ ያህሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሦስት መቶው ግን አስቸገሩ፤ በሁለቱም አቆጣጠር በዓል ላይ የሚወድቁ ናቸው።

«አንዱን መርጠን እንሙላው፤ ማን ያውቅብናል?» አለች ራኒያ።

«አይሆንም። ቀኑ አይታወቅም ብለሽ ጻፊ። እሳቸው ያልጻፉትን እኛ አንጽፍላቸውም።»

ራኒያ ፈገግ አለች። «አንቺ ግትር!» አለችና እንደተባለችው ጻፈች። እንዴት እንደለዩት የሚያስረዳ ደብዳቤም አብረው ላኩ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ስምንት ቀን። መልሱ የመጣው በየካቲት የመጨረሻ ቀን ጠዋት ነው። «ተቀብለናል» ይላል። «የበዓሉን ዘዴ ግን ከዚህ በፊት ሰምተን አናውቅም፤ እናመሰግናለን በሉልን ለመምህሩ።»

ርእሰ መምህሩ ጋ ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ማርያማዊት የቋቱን ገጽ ስልኳ ላይ ፎቶ አስቀርታ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። መንገዱ በጉም ተይዞ ሚኒባሱ ሲያዘግም፣ ሾፌሩን «ቶሎ በልልኝ ወንድሜ» እያለች አሰለቸችው።

ስትደርስ ካርቶኖቹ ሜዳው ላይ ተቆልለዋል። መምህር ወልደተንሣኤ ክምሩ አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን ላዩ ላይ ጭነዋል። ርእሰ መምህሩ ክብሪት ይሁን ቁልፍ ያልለየላት ነገር በእጁ ይዟል።

«ቆይ! ቆይ!» እያለች ደረሰች። ትንፋሽ አጥሯት ስልኳን ዘረጋችለት። የዓለም ካርታ፤ አንኮበር ላይ ነጥብ በነጥብ ላይ። ከነጥቡ ሥር ሰብሳቢ፣ ወልደተንሣኤ። የሚገኝበት ቦታ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ስም።

ርእሰ መምህሩ ስልኩን አቅርቦም አርቆም አነበበ። «ይኼ የእኛ ትምህርት ቤት ነው እንዴ? ይኼን ዓለም ሁሉ ያየዋል?»

«ማንም ያየዋል፤ በነፃ።»

ሰውዬው በእጁ የያዘውን ኪሱ ከተተና ጎንበስ ብሎ የላይኛውን ካርቶን ራሱ ተሸከመ፤ ወደ ክፍሉ መለሰው። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲመጣ መምህሩ ፊት ቆመ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ክፍሉ ይቆያል። ተማሪዎቹ ግን ይኼ ምንድን ነው ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። መጥተው ያስተምሩልናል?»

መምህር ወልደተንሣኤ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አሉ።