ከአግዳሚው ብረት በታች

ሦስት ላም በሚታለብበት ቤት ወንድሜ በንቲ ወተት ተከለከለ።

የከለከለችው እናታችን ጤናዬ ናት፤ እኛ አዮ እንላታለን። አባታችን ዳባ ከሞተ ወዲህ ላፍቶ ያለው ቤታችን የሚተዳደረው በእነዚያ ላሞችና በእኔ የአስተማሪነት ደመወዝ ነበር። በንቲ በየማለዳው ወተቱን በጀሪካን ተሸክሞ ነፋስ ስልክ ላሉ ደንበኞች ያደርሳል፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የ1982 መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ምሽት እራት ላይ ኩባያውን ሊያነሳ ሲል አዮ እጁን በማማሰያ መታችው።

«ለአንተ የለም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። የለም አልኩህ፣ የለም!»

ከዚያ የስኳሩን ቆርቆሮ አወረደች። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚገኝበት ጊዜ ነው፤ አዮ ለእንግዳ እንኳ ቆንጥራ ነበር የምትሰጠው። ያን ዕለት እፍኝ ሙሉ ዘግና በንቲ መዳፍ ላይ ገለበጠችና «ላስ» አለችው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቅጣት ይሁን ሽልማት አልገባውም፣ ግን ላሰ። እኔ አእምሮዋ የተነካ መሰለኝ።

አልተነካም ነበር። መካከለኛው ወንድማችን ሞልቱ የተወሰደብን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። አዋጁ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለገው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ነው ይላል። እኛ ሰፈር ግን የልደት ወረቀት ያለው ልጅ የለምና ቀበሌው የራሱን መለኪያ አበጀ። የጽሕፈት ቤቱ የብረት በር ከላይ በኩል አግዳሚ ብረት አለው፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ልጆቹ ተራ በተራ ከሥሩ ይቆማሉ። ጭንቅላቱ ብረቱን የነካ አሥራ ስምንት ሞልቶታል፤ ያልነካ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሞልቱ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ነካ። የአብዮት ጥበቃው ማሞ ጸጉሩን በመዳፉ ጨፍልቆ እንደገና ለካውና «ኋላ ጸጉሩ ነው እንዳትሉኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሞልቱ የሰማነው ከአስመራ ወዲያ መሄዱን ብቻ ነው።

የወተቱና የስኳሩ ነገር የመጣው ደግሞ ከሴቶች ማህበር ስብሰባ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር እፀገነት ስለ ልጆች እድገት አስተምራ ነበር። የተናገረችውን በኋላ ከራሷ ሰምቻለሁ፤ የተሳሳተ ነገር አልነበረበትም። ከአንጎላችን ሥር የአተር ፍሬ የምታህል እጢ አለች። ልጅን የሚያሳድገውን ሆርሞን የምትረጨው እሷ ናት፤ አብዝታ የምትረጨው ደግሞ ልጁ ድብን ያለ እንቅልፍ ሲወስደው ነው። ሩጫና ጨዋታ ያግዟታል፤ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋም ሰውነቱን ይገነባሉ። ሊተኛ ሲል ጣፋጭ ማብላት ግን ሥራዋን ያዳክማል። ሰው ሲያረጅ እጢዋም ትሰንፋለች፤ ጡንቻ የሚሟሽሸው፣ ቆዳ የሚሳሳው በከፊል ለዚህ ነው።

«እንግዲያው የእኔዋ አተር ሞታለች በይኛ!» አለች ጎረቤታችን ንግስት። «የምትቀሰቀስበት መላ የለም ሲስተር? ባሌ ዓይኑ ውጭ ውጭ እያየ ነው።»

«በደንብ ተኚ፣ ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ። መድኃኒቱ እሱ ነው።»

«ውኃ ከወንዝ፣ እንጨት ከጫካ የምናመጣ ሰዎች ከዚህ በላይ ከተንቀሳቀስንማ መብረራችን ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። አዮ ግን አልሳቀችም። ከኋላ ተነስታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ልጁ ካልተኛስ?»

«ካልተኛማ እንዴት ያድጋል፣ እማማ ጤናዬ!»

አዮ የፈለገችውን ይዛ ወደ ቤቷ መጣች።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የሲስተርን ትምህርት ገልብጣ ሥራ ላይ አዋለችው። ኳስ ተከለከለ። እንቁላሉ ሁሉ ለገበያ ሆነ። ማታ ማታ ስኳር ይላሳል። በንቲ ማንኮራፋት ሲጀምር ትቀሰቅሰዋለች፤ አንዴ ጥጃው ተፈታ፣ አንዴ ጅብ ሰማሁ፣ ምክንያት ሲያልቅባት ደግሞ «አተሯ ሳትነሳ ተነስ!» ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ የበሩ መቃን ላይ አስደግፋ በከሰል ልኩን ታሰምራለች።

እኔ መጀመሪያ በለዘብታ ነበር የሞከርኩት።

«አዮ፣ ልጅ በአንድ እጢ ብቻ አያድግም። ዘርም አለ። አባባ ረጅም ነበር፤ ይሄም ረጅም ነው የሚሆነው።»

«አባትህን ከመቃብር አውጥቼ ልክሰሰው?»

«እንቅልፍ ነስተሽ ታሳብጂዋለሽ እንጂ አታሳጥሪውም!»

«እብድ አይወስዱም።»

«ሰው አይደለም እንዴ? ላም እንኳ እንዲህ አታደርጊም!»

«ላሞቼን ማንም ለጦር ሜዳ አልጠየቀኝም» አለችና ማለቧን ቀጠለች። የበረቱን በር ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። የተናደድኩት በእሷ ነበር፤ ስህተቷ ዓይኔ ሥር ስለነበረ በእሷ መናደድ ቀላል ነው። ቀበሌው በር ላይ ሄጄ እንደዚያ መጮህ ግን አልቻልኩም።

ሲስተር እፀገነትን ለምኜ አመጣኋት። ደጃፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የበንቲን የዓይን ቆብ ገልባ አየች፤ ፊቷ ቀላ።

«እኔ ይሄን ነው ያስተማርኩት? ልጁ እኮ ይታመማል!»

«ይታመም። የታመመ ልጅ ቤቱ ነው ያለው።»

«እማማ ጤናዬ፣ እኔ እዚህ የተላክሁት ልጆች እንዲያድጉ ነው!»

«ለማን?»

ሲስተር ከአግዳሚ ወንበሩ ተነሳች።

«ለማን ነው የሚያድጉት፣ ልጄ?» አለች አዮ፣ ድምጿን ሳትጨምር። «ንገሪኝና ዛሬውኑ እንቁላል እጠብስለታለሁ።»

ስሸኛት ሲስተር በቁጣ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ፣ መምህር ቀጄላ? ኮሌጅ የበጠስክ አይደለህ? መልሱን ካወቅኸው ለምን አልነገርካትም?» እኔም አላውቀውም ነበር።

ገና አለፈ። እናትና ልጅ አንዳቸውም እንቅልፍ የላቸውም፤ እሱን ለመቀስቀስ እሷም ነቅታ ታድራለችና። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ጉንጯ ጎደጎደ፣ የእጇ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ የማያውቁ ደንበኞች የበንቲ አያት ትመስላቸው ጀመር። በንቲ ግን አደገ። አንድ ቅዳሜ አዲሱ የከሰል መስመር ከአሮጌው በላይ ሆነ። አዮ ደጋግማ ለካችው፤ ተረከዙን ተጭና ለካችው።

«ትምህርት ቤት ነው የሚተኛው!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ሌባ! እየሰረቀኝ ነው የሚያድገው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» በንቲ ከሰሉን ከእጇ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። «ገጀራ አምጪና እግሬን ቁረጪው! ትገላገያለሽ፣ እገላገላለሁ!»

ከዚያ እዚያው መቃኑን እንደተደገፈ፣ እያለቀሰ፣ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። አዮም ቀሰቀሰችው።

በጥር አጋማሽ፣ አንድ ማለዳ፣ ነፋስ ስልክ ላይ አፈሳ ሆነ። የወተት ደንበኛችን ሱልጣን ሱቁን ዘግቶ፣ የእኛን ጀሪካን በእጁ ይዞ የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጣ። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር።

«ካሚዮኖቹ ሲታጠፉ ልጆቹ ሁሉ ወደ ወንዙ ተበተኑ» አለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «የአንተ ወንድም እኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ጀሪካኑን ተደግፎ ተኝቷል። በንቲ ብዬ ጮህኩ። ወዘወዝኩት ወላሂ! ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ‹መጣሁ አዮ› አለኝና መልሶ ተኛ። ይዘው ወደ እናንተ ቀበሌ ወሰዱት።»

ጀሪካኑን እንደያዝኩ ቀበሌው ደጅ ስደርስ አዮ ቀድማኝ ደርሳለች። ነጠላዋ ወድቋል፤ የሊቀመንበሩን የጓድ ቸኮልን መንገድ ዘግታ ቆማለች። ከኋላቸው ግማሹ የሞላ ወታደራዊ ካሚዮን አለ። በንቲ ከሌሎች ልጆች ጋር ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሏል።

«ለኩት!» ትላለች አዮ። «ሌላ ምንም አልጠይቅም! ያንን ሞልቱን የበላውን ብረታችሁን ነው የምላችሁ፤ በእሱ ለኩት!»

የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። ቸኮል በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ማሞ በንቲን አንስቶ ከአግዳሚው ሥር አቆመው። በጭንቅላቱና በብረቱ መካከል ብርሃን ይታያል። ማሞ መዳፉን ጠፍጣፋ አድርጎ በመካከሉ አሳለፈ፤ አለፈለት። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ማሞ አላጭበረበረም።

«አልደረሰም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

አዮ እልልታዋን ጀመረች። ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ስኳር፣ ያቺ መዳፍ የምታህል ክፍተት! ለአንድ አፍታ እኔ ራሴ ተሸንፌ ነበር፤ ልክ የነበረችው እሷ መሰለችኝ።

ቸኮል ብረቱን አላየም። የሚያየው ካሚዮኑን ነበር።

«ኮታው ሞላ?»

«አልሞላም።»

«ጫነው።»

«ጓድ፣ ከብረቱ በታች እኮ ነው…»

«ብረቱ አይዘምትም፣ ማሞ። ልጁ ካምፕ ገብቶ ይበላል፣ ይተኛል። እዚያ ያድጋል።»

እልልታው ከአዮ ጉሮሮ ውስጥ ተቆረጠ። እኔ ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም። «ልኩን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ! ራሳችሁ ላወጣችሁት ልክ እንኳ አትታመኑም?» ስል ድምፄ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር። ወደ ቸኮል ስሄድ ማሞ ጠመንጃውን አግድም ደረቴ ላይ አሳረፈው።

«መምህር፣ ይብቃህ» አለኝ፣ ዓይኑን ሰብሮ። «አንተን ከዘመቻ ያስቀረህ የመምህርነት መታወቂያህ ነው። እሱንም እንዳይቀድዱብህ።»

በንቲን ጫኑት። አዮ አልጮኸችም፤ መሬት ላይም አልወደቀችም። ከእጄ ጀሪካኑን ወሰደች፣ ክዳኑን ፈታች፣ ወደ ካሚዮኑ ሄዳ በሁለት እጇ ወደ ላይ ዘረጋችለት።

«ጠጣ።»

በንቲ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን አየ። ወጥመድ መስሎት ነበር።

«ጠጣ እኮ ነው የምልህ!»

ጠጣ። ወተቱ በአገጩ፣ በሸሚዙ ላይ እየወረደ ጠጣ። ሲበቃው ለአጠገቡ ልጅ አቀበለው፤ ያም ለሌላው። ጀሪካኑ ባዶውን ተመለሰ።

ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ገና ጊዜ ነበር። በንቲ ግን ጭንቅላቱን በማያውቀው ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ አፉ ዙሪያ ነጭ እንደሆነ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደው። ካሚዮኑ ሲንቀሳቀስ ከጎኑ ሮጥኩ። ስሙን ልጠራ፣ ቢያንስ ዞር ብሎ እንዲያየን ልጮህ አፌን ስከፍት አዮ ከኋላ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሮቿ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ።

«ተው» አለችኝ። «አትቀስቅሰው።»