ጥላውን እጠፉት

ዋልልኝ ውሻዋን እስከ አጥሩ ቀዳዳ ድረስ አባሮ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ ሲመለስ ነው ልቅሶውን የሰማው። መጀመሪያ ነፋስ መሰለው። ከጉና የሚወርደው ነፋስ አንዳንድ ቀን በአጥሩ ሽቦ መካከል ሲያልፍ እንደ ሰው ያላዝናል። ቆም ብሎ አዳመጠ። ነፋስ አይደለም። የሴቶች ሙሾ ነው፤ በመካከሉም የካህናት ዜማ ይሰማል።

"በዚህ አይደለም የሚመጡት!" አለ ለብቻው። "በዚህ አይደለም!"

በገብሱ ማሳ መካከል፣ በድሮው የቤተ ክርስቲያን መንገድ፣ መጀመሪያ ጥላው ብቅ አለ። ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ቀይ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው። ከጥላው ኋላ ቃሬዛ፣ ከቃሬዛው ኋላ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሕዝብ ተከተለ። ቃሬዛው ላይ ያሉት የእናቱ ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ነው ያረፉት።

ዋልልኝ አውሮፕላን ማረፊያው ከቀጠረው ብዙ አልቆየም፤ የሙከራ ጊዜውን እንኳ አልጨረሰም። ሥራው ማኮብኮቢያውን መጠበቅ ነው። አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል፤ ጠጠር ይለቅማል፣ ውሻ ያባርራል፣ ጥንብ አንሳ ሲሰፍርበት ጅራፍ እያጮኸ ያስነሣል። ለዚህ ሥራ ብርቱካን ቀለም ያለው ሰደርያ፣ ቀይ ባንዲራ፣ የእጅ ሬዲዮና የሰሜኑ በር ቁልፍ ተሰጥቶታል። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሠናይት ቁልፉን ሲያስረክቡት ብዙ አልተናገሩም። "የሰው እግር ይቅርና የዶሮ እግር አስፋልቱን እንዳይነካ" ብለው ብቻ ወደ ቢሯቸው ገቡ። ከእሱ በፊት የነበረው ጥበቃ የተባረረው አንዲት አህያ አሳልፎ እንደሆነ ያወቀው ኋላ ነው።

ነገሩ ለሰው የሚያስቸግረው በመሬቱ አቀማመጥ ነው። ማኮብኮቢያው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ መንደሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ለይቶታል። መንደሩ በሰሜን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመንገደኞቹ ሕንፃና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በደቡብ ናቸው። አጥሩ ከታጠረ ወዲህ ሰው ሁሉ በታች በኩል ወንዙን ተሻግሮ ይዞራል። ሬሳም በዚያው ነው የሚዞረው።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

"ዋልልኝ፣ አስፋልቱ እንዴት ነው?" የወይዘሮ ሠናይት ድምፅ ነው።

"ንጹሕ ነው። ውሻዋን አስወጥቻታለሁ።"

"አውሮፕላኑ እየተቃረበ ነው። ዝናቡም ከጉና በኩል እየመጣ ስለሆነ ፓይለቱ አንዴ ብቻ ነው የሚሞክረው። አንድ ነገር ካየ ወደ ባሕር ዳር ነው የሚመለሰው። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

ሰምቷል። አውሮፕላኑ ውስጥ የምስራች አለች። የሟቿ ልጅ።

ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እንደ ወጉ ወስነው ነበር። የምስራች ያለችው አዲስ አበባ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ከቀብር በኋላ ሁለት ሰው ሄዶ በማለዳ ቤቷ ያረዳታል። ዋልልኝ በለቅሶው ቤት በር አጠገብ ቆሞ ይህን ሲሰማ አንድ ቀን የነገረችው ትዝ አለው። ኩዌት በሰው ቤት ሳለች አባቷ ሞተው ነበር፤ እንዳትደነግጥ ተብሎ ዓመት ሙሉ ተደበቀባት። ስትመለስ ለአባቷ የገዛችውን ካፖርት ይዛ ነው በሩን ያንኳኳችው። "ዋሌ፣ የእናቴን ግን እንዲህ እንዳትደብቁኝ" ብላው ነበር ያን ጊዜ፣ ካፖርቱን እንደታቀፈች።

ስለዚህ ከበረቱ ኋላ ሄዶ ደወለላት። "እትዬ አሰለፈች ብሷቸዋል፤ በዛሬው አውሮፕላን ድረሽ" አላት። መሞታቸውን ለመናገር አፉ እምቢ አለው። እሷም አልጠየቀችውም። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለቀስተኛው በወንዙ ዞሮ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ እሷም ትደርሳለች ብሎ አሰበ። ለወንድሟ ለደሳለው ሊነግረው ስንት ጊዜ ደወለ፤ በለቅሶ ቤት ግን ስልክ የሚያነሣ ሰው የለም።

አሁን ለቀስተኛው በሩ ላይ ደርሷል።

"ክፈት እንጂ ዋሌ፣ ምን ትገተራለህ?" አለ ከፊት የነበረው ፈንቴ። ቀልደኛ ነው፤ በለቅሶም ቀን አያርፍም። "ያን ብርቱካን ልብስ ስትለብስ ዘመድ ይጠፋሃል እንዴ?"

"በወንዙ አልነበረም እንዴ የምትመጡት?"

"ወንዙማ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ነው። ሬሳ ይዘን እንዋኝ?"

ደሳለው ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል ተሸክሟል። ፊቱ ከልቅሶው ብዛት አብጧል። ዋልልኝን እንደማያውቀው ሰው አየው።

"ክፈት" አለው።

"አያ ደሳለው፣ ጥቂት ታገሠኝ። አውሮፕላን እየመጣ ነው።"

"ምን እየመጣ ነው?"

"አውሮፕላን። እስኪያርፍ ብቻ..."

"ይህ የቆምክበት መሬት የማን ማሳ እንደነበር ታውቃለህ አይደል?" ደሳለው አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። "እናቴ እዚህ ጤፍ አጭዳለች። እዚህ አንተን በጀርባዋ አዝላ ውላለች። ዛሬ የመጨረሻ መንገዷን ስትሄድ ለብረት ቆማ ትጠብቅ?"

ከሴቶቹ መካከል የዋልልኝ እናት ትርንጎ ወጣች። ድምፅዋ ከልቅሶ ተዘግቶ ሹክሹክታ ሆኗል። "ልጄ፣ እባክህ አታዋርደኝ። መቃብር ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱ ውኃ እየሞላ ነው ብለው ወንዙ ሳይሞላ ሁለቴ ልከውብናል።"

ዋልልኝ ቁልፉን በኪሱ ውስጥ ጨበጠው። ከፍቶ ቢያሳልፋቸው አውሮፕላኑ አስፋልቱ ላይ ሰው አይቶ ይመለሳል። የምስራች ባሕር ዳር ትወርዳለች፤ መኪና አግኝታ እስክትመጣ አፈሩ ተመልሷል። ባይከፍት ደግሞ ይህ ሁሉ ዘመድ እስከ ዕለተ ሞቱ ይጠላዋል። እውነቱን መናገርም ቀላል አልነበረም፤ የሽማግሌዎቹን ቃል ሰብሯል። ከደቡብ በኩል፣ በጣም ከሩቅ፣ የሞተር ድምፅ የሰማ መሰለው።

"የምስራች አውሮፕላኑ ውስጥ ናት" አለ።

"ማን ናት?" አለ ደሳለው።

"የምስራች። ጠዋት ደወልኩላት። ብሷቸዋል አልኳት እንጂ መርዶውን አልነገርኳትም፤ በመድኃኔ ዓለም አልነገርኳትም። እናንተ አሁን ካለፋችሁ አታርፍም፤ ትመለሳለች። ደግሞ ከተቀበሩ በኋላ ልትደርስ ነው አያ ደሳለው። እንደ አባቷ።"

"አንተ ማን ሆነህ ነው?" አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። "ትልቅ ሰው የወሰነውን!"

ደሳለው ግን ዐይኑን ወደ ሰማይ አነሣ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሦስቱም እሱን ያያሉ። ቆይቶ ወደ ቄሱ ዞረ። "አባ ይርጋ፣ ምን እናድርግ?"

አባ ይርጋ ዕድሜ ጠገብ ካህን ናቸው። መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። "ሬሳ በየመንገዱ እያረፈ፣ ፍትሐት እየተደገመለት አይደል የሚሄደው?" አሉ። "አንዱን ማረፊያ እዚህ እናደርገዋለን። ለልጇ ብንቆምላት አሰለፈች የምትቀየመን አይመስለኝም። አሳርፉ።"

ቃሬዛውን ሣሩ ላይ አሳረፉት። አባ ይርጋ መጽሐፉን ገለጡ፤ ዲያቆኑ ጥላውን ከፍ አድርጎ ያዘላቸው። ዋልልኝ እፎይ ሊል ሲል ዐይኑ ጥላው ላይ ዐረፈ። ቀይ ነው፤ ከገብሱ በላይ እንደ እሳት ይታያል። አውሮፕላኑ በዚህ በኩል ነው ዝቅ ብሎ የሚያልፈው። እናትሽ ታማለች ተብላ የምትመጣ ሴት በመስኮት ቁልቁል እያየች፣ በሰፈሯ ደጃፍ ጥላና ቃሬዛ ብታይ ምን ታስባለች? ቀበቶ እንደታሰረች፣ ከማታውቀው ሰው ጎን፣ ለብቻዋ መርዶዋን ልትረዳ ነው።

"አባ!" አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። "ጥላውን እጠፉት! ከላይ ይታያታል!"

አባ ይርጋ አልገባቸውም። ደሳለው ግን ወዲያው ገባው።

"እጠፈው!" አለ ዲያቆኑን። "ሁላችሁም ተቀመጡ! ገብሱ ውስጥ ግቡ! ነጠላችሁን ወደ ውስጥ አድርጉት፣ ነጭ እንዳይታይ። ሴቶች፣ ልቅሶውን ያዙት፤ በእናቴ ይዣችኋለሁ፣ ያዙት!"

ጥላው ታጠፈ። ሰዎቹ ቃሬዛውን አንሥተው ገብሱ መካከል አስገቡት፤ ፈንቴ ጋቢውን አውልቆ ጭቃማውን ገጽ ወደ ላይ አድርጎ አለበሰው። ሙሾ የምታወርደው ሴት አፏን በነጠላዋ ጠቀጠቀች። ያ ሁሉ ሰው ወገብ የደረሰው ገብስ ውስጥ ቁጭ አለ፤ ሲያለቅስ ያረፈደ ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ። የአባ ይርጋ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ገብሴ አለቀ" አለ ፈንቴ በሹክሹክታ። "ካሣውን ከማን ልጠይቅ ነው?"

"ዝም በል አንተ ጉደኛ!" አለች ትርንጎ። ከእንባዋ ጋር ሳቅ አመለጣት።

አውሮፕላኑ ከደመናው ሥር ወጣ። ዋልልኝ እንደታዘዘው ብቻውን አጥሩ አጠገብ ቆመ። ድምፁ ደረቱን አራደው፤ ገብሱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኛ። ገብሱ የሸሸገው ነገር ይገለጥ ይሆን? መስኮቶቹ እንደ ዶቃ ተደርድረው በፊቱ አለፉ። ከአንዱ መስኮት ኋላ እጅ የተውለበለበ መሰለው። እውነት ይሁን ምኞቱ አላወቀም፤ ግን ቀዩን ባንዲራ በጀርባው ደብቆ በባዶ እጁ አጸፋውን መለሰ። ጎማዎቹ አስፋልቱን ነኩ፣ ነጭ ጢስ ጨሰ፣ አውሮፕላኑም እያዘገመ ወደ ሕንፃው ዞረ።

"አረፈ" አለ ዋልልኝ። ከገብሱ ውስጥ ማንም አልተነሣም። "አረፈ እኮ! ተነሡ።"

ደሳለው ጭቃውን ከጉልበቱ ሳያራግፍ ቀረበው። "እኔና እናትህ ቀድመን እንሂድና እንንገራት። ሬሳው እሷ ሳታውቅ ከፊቷ መድረስ የለበትም።"

በአስፋልቱ ማቋረጥ ማለት ነው። ሌላ መንገድ የለም። ዋልልኝ ቁልፉን አወጣ። ቁልፉ መጀመሪያ ቀዳዳውን ስቶ ብረቱን ጫረው፤ በሁለተኛው ገባ። በሩ ተከፈተ። ደሳለውና ትርንጎ ጥቁሩን አስፋልት ረግጠው፣ ነጩን መስመር ተሻግረው ወደ ሕንፃው ሄዱ። ትርንጎ የሰው ቤት ምንጣፍ እንደሚረግጥ ሰው በእግር ጣቶችዋ ነበር የምትራመደው።

ሬዲዮው ጮኸ።

"ዋልልኝ! አስፋልቱ ላይ ሰው አያለሁ! ምንድን ነው ይሄ?"

ዋልልኝ ሬዲዮውን ወደ አፉ አቀረበ።

"ዋልልኝ!" ወይዘሮ ሠናይት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማኝ ልጄ። አጥሩን ጥሰው ነው የገቡት አይደል? ጥሰው ገቡ ካልከኝ እኔም ለበላይ አካል እንደዚያው እላለሁ። ፖሊስ ያናግራቸዋል፤ አንተ ትተርፋለህ።"

ዋልልኝ ወደ ኋላው አየ። ቃሬዛው እንደገና ትከሻ ላይ ወጥቷል። የደሳለውን ቦታ ፈንቴ ይዟል። ቁልፉ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ይወዛወዛል። ጥቂት ጠብታዎች ሰደርያውን መቱት።

"አልጣሱም" አለ። "በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ሠናይት። የአክስቴ ቀብር ነው። ገና ብዙ ሰው ያልፋል። አልፈን እስክንጨርስ አውሮፕላኑ እንዳይነሣ ያድርጉልኝ። ንጹሕ ሲሆን ራሴ እነግርዎታለሁ።"

"ሥራህንስ አስበኸዋል?"

ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከሕንፃው በኩል ጩኸት ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸችው፤ ረጅም ነበር። ገብሱ ውስጥ ታፍኖ የቆየው ልቅሶ በአንድ አፍ መለሰላት።

አባ ይርጋ ዋልልኝን አዩት። አስተያየታቸው ከትልቅ ሰው ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር።

"አሁን ይዘርጉት፣ አባ" አላቸው።

ጥላው ተዘረጋ። ዋልልኝ ሰውን ይመልስበት ዘንድ የተሰጠውን ቀይ ባንዲራ ፈታ፤ እስከ ነጩ መስመር ሄደ፤ ጀርባውን ለለቀስተኛው፣ ፊቱን ለአውሮፕላኑ ሰጥቶ ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ያዘ። በስተኋላው ብዙ እግር አስፋልቱን ሲረግጥ ይሰማዋል።